ወይኔን የሚነቅፍልኝ ሰው ፍለጋ

ሰው ቤት ገብቶ፣ የቀረበለትን ቀምሶ፣ «ይሄስ አይረባም» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አይቼ ቢሆን ኖሮ እጁን ይዤ ቤቴ ወስጄ፣ ደህናው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እግሩን አጥቤ ባስተናገድኩት ነበር። በእኛ ክልል ወርቅ የሚፈልግ ሰው ቆፍሮም ሆነ አጥቦ ያገኛል። እኔ ግን አሶሳን ከዳር እዳር ዞሬ አንድ እውነት የሚናገር ባለጌ አጣሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ነው። አሶሳ ተመድቤ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» ብዬ ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ጥሩነሽን አገባሁ፣ ቦታ አገኘን፣ ቤት ሠራን። አሁን ዝውውር የሚለውን ቃል የምሰማው በሬዲዮ ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ሲወራ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ ዝዋይ በኩል የወይን እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ፣ ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ብርቱካን ይይዛል፤ እሱ እንጨት ይዞ መጣ። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ሦስት ዓይነት የወይን ቁራጭ። «ያንተ አገር ሙቀት የተፈጠረው ለእነዚህ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን የአሶሳ ሙቀት የተፈጠረው እኔን ለማቅለጥ ይመስለኝ ነበር።

ሦስቱ ዓይነቶች ሲራ፣ ግሬናሽና ሙርቬድር ይባላሉ። ሙቀት ወዳድ ናቸው። ሲራ ቀለም ይሰጣል፤ ወይን ጠጁን ጥቁር ቀይ የሚያደርገው እሱ ነው። ግሬናሽ ጣፋጭ ነው፣ ሞቅታም ይሰጣል፤ መልኩ ግን ፈዛዛ ነው። ሙርቬድር ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲደርስም ኮስታራ ነው፤ አፍን ጭምድድ ያደርጋል። «ለየብቻቸው ጎደሎ ናቸው» አለ ጓደኛዬ። «ስትቀይጣቸው ነው ሰው የሚሆኑት።» አልገባኝም መሰለው፣ «ጁስ ቤት ሄደህ ስፕሪስ ታዝዝ የለም? አቮካዶውም ማንጎውም ጓያቫውም በአንድ ብርጭቆ? እንደዚያ በለው» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ አገር ሻይና ቡና እንኳ ቀይጦ የሚጠጣ አገር ነው።

ተከልኩ። ጎረቤቴ አቶ ሙሳ ቀርከሃ ቆርጠው አመጡልኝና አብረን ዳስ ሠራንለት። አቶ ሙሳ የበርታ ሰው ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ሐረጉ በሁለተኛው ዓመት ቀርከሃውን ሸፈነው። ክረምት ሲመጣ ቅጠሉ ይሻግታል፣ በጋ ሲመጣ ወፍ ይወርድበታል፣ በመካከል የተረፈውን እኔ እለቅማለሁ። ከሥሩ ወንበር አወጣና የተማሪ ፈተና አርማለሁ። በወይን ጥላ ሥር የታረመ ፈተና ውጤቱ ከፍ ይላል፤ ተማሪዎቼ ምክንያቱን ሳያውቁ ሐረጉን ይመርቁታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዳሱ የቆመው ጥሩነሽ ክፍል ልትሠራበት ያሰበችበት ቦታ ላይ ነው።

ክፍሉ የሚከራይ አይደለም፤ ለአባቷ ነው። አባቷ አባባ አየለ መተከል ውስጥ፣ ቡለን ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ሬዲዮናቸው ናቸው። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ መተከል መንገዱ ተዘግቶ ስልኩ እምቢ ሲል፣ ጥሩነሽ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው። አሁን ሰዉ ወደ እርሻው ተመልሷል፤ የእሷ ልብ ግን አልተመለሰም። በሰርጋችን ጊዜ ካልሆነ በቀር አባቷ አሶሳ መጥተው አያውቁም። በጠራቻቸው ቁጥር «መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ደግሞስ የት ልታስተኚኝ ነው?» ይላሉ። እሷም ይህችን «የት ልታስተኚኝ ነው» የምትለውን ቃል ይዛ ቀረች። ክፍል ካለ ይመጣል፣ ከመጣ አልለቀውም፤ ሐሳቧ ይኸው ነው።

«ሐረግህ ነው ወይስ አባቴ?» አለችኝ አንድ ቀን።

ለዚህ ጥያቄ የፊዚክስ መምህር ምን ይመልሳል? ዝም አልኩ። በትዳር ውስጥ ዝምታም መልስ ነው፤ ያውም የተሳሳተው መልስ።

በዚህ መካከል ልጃችን ተወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና ትነሣለች፤ አባባ አየለም ለልጅ ልጃቸው ሲሉ እሺ አሉ። ጥሩነሽ የዚያን ቀን ልቧ ራርቶ ስለነበር ሕፃኗን እያባበለች ፍርድ ሰጠች።

«በል ስማ። አባባ ሲመጣ ያንተን ወይን ጠጅ ቅዳለት። ማንም ሳይለምነው ሁለተኛ ብርጭቆ ከጠየቀ ሐረግህ ይቀመጥ፣ ክፍሉን ሌላ ዘዴ እንፈልግለታለን። ካልጠየቀ ግን በማግስቱ ትቆርጠዋለህ፣ መሠረት እናወጣለን።»

«እሺ!» አልኩ ዘልዬ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንድ ያጣላል ማለት ክልክል ነው። በሞቴ የለም፣ አፈር ስሆን የለም። ምንም ልመና የለም።»

ያን ጊዜ ነው ወጥመዱ የታየኝ። ጨዋ ሰው ሳይለመን ሁለተኛ ይጠይቃል እንዴ? እኔ ራሴ መጀመሪያ እነ ጥሩነሽ ቤት የሄድኩ ጊዜ፣ ሆዴ እየጮኸ «ኧረ በቅቶኛል» ብዬ እጄን ሰብስቤ፣ ልመናው በሦስተኛው ቆመና ጦሜን አደርኩ። በአራተኛው እሺ ልል ነበር። ከእኔ የባሰ ደግሞ አባባ አየለ ናቸው፤ ለጨዋነት ሲሉ የታመሙትን እንኳ «ደህና ነኝ» የሚሉ ሰው። እንግዲህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፦ ጨዋ ሰውን የሚያባልግ ወይን ጠጅ መሥራት።

ሥራው በሦስት ጀሪካን ተጀመረ። ለቀምኩ፣ ጨመቅኩ፣ ለየብቻ አፈላሁ። ሙቀቱ ሲብስ ጀሪካኖቹን እርጥብ ጆንያ አለብሳለሁ፤ ጆንያው ሲደርቅ አርሳለሁ። ጥሩነሽ አራስ ቤት ሆና ታየኛለች። «ልጅህንም እንዲህ ብትይዛት» ትላለች። እኔ ልጄን እርጥብ ጆንያ ላለብሳት ነው እንዴ!

ፍላቱ አለቀ ሲመስለኝ ቅይጡ ተጀመረ። ስንት በስንት? ሲራውን ሳበዛ ቀለሙ ያምራል፣ ጣዕሙ ግን እንደ ቀለሙ አይደለም። ግሬናሹን ሳበዛ መልኩ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል፣ ራስ ግን ያዞራል። ሙርቬድሩን ሳበዛ ምላሴ ለሰዓታት የእኔ አይደለም። ቀይጬ እቀምሳለሁ፣ ቀምሼ እቀይጣለሁ፤ ከጥቂት ቅምሻ በኋላ ሁሉም ግሩም ይሆናል። የራስ ነገር እንደ ራስ ልጅ ነው፤ አፍንጫው ቢጣመምም አይታይህም። ሌላ ሰው ያስፈልገኛል አልኩ።

መጀመሪያ የጠራሁት ጌታነህን ነው። ጌታነህ የሒሳብ መምህር ነው፣ የልብ ጓደኛዬ። ቀዳሁለት። ጎንጨት ሲል አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላኛው ተከተለው።

«ግሩም ነው!» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እውነትህን ነው?»

«ሕይወት ነው እንጂ! የባለሙያ እጅ ነው ወንድሜ።» ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ቃኘና፣ «ኮካ የለህም?» አለኝ።

አስተውሉ። በአገራችን ሰው ስለ ወይን ጠጅ ያለውን ቅሬታ የሚናገረው «ኮካ የለህም?» በማለት ነው። ግን ይህ ማስረጃ ሆኖ አይጸናም፤ ደህናውንም በኮካ የሚጠጣ ብዙ ነውና። ሁለተኛ ቅይጥ ሰጠሁት፣ «ይሄ ደግሞ ከዚያኛውም ይበልጣል» አለ። ሦስተኛ ሰጠሁት፣ «ይሄማ ሌላ ነው!» አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከአንድ ጠርሙስ ነበር የተቀዱት።

ሌሎችንም ጠራሁ። የታሪክ መምህሩ «ለሆድ ጥሩ ነው» አለ። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ባል «ደም ያጣራል» አለ። ሰዉ ወይኔን ሁሉ ነገር አለው፤ መድኃኒት አደረገው እንጂ ጣፈጠኝ ያለ የለም። መጥፎ ነውም ያለ የለም። ይሉኝታ ያልያዘው ሰው ጠፋ።

በመንደሩ ልቡ ያለውን አፉ የሚናገር ሰው አቶ ሙሳ ብቻ ናቸው። ሚዛን ሲያጭበረብር ያዩትን ነጋዴ በገበያ መካከል የሚገስጹ ሰው ናቸው። ግን ለእሳቸው ደግሞ መጠጥ ሐራም ነው፤ እኔም ቅመሱልኝ ብዬ አላስቀይማቸውም። ቢሆንም አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሽታው ደረሳቸው መሰለኝ፣ ቆም አሉ።

«ያ ኡስታዝ» አሉኝ። «ወይኑ ዛፍ ላይ ሆኖ በጣም ቆንጆ ነበር። አሁን ምን ሆነ? ታመመ?»

«አልታመመም፣ እየበሰለ ነው።»

«ወላሂ፣ ታመመ» ብለው አዘኑልኝና ሄዱ። እንግዲህ እውነት በአፍንጫ በኩል ብትመጣም ግማሽ እውነት ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሲመጣልኝ ጥሩነሽ ሕፃኗን ትሰበስባለች። ጌታነህን እንደገና ጠራሁትና፣ «ይሄ የእኔ አይደለም። ባምባሲ አንድ ሰውዬ የሚጠምቀው ነው። ከእኔ ጋር አወዳድርልኝ» አልኩት። ከዚያው ከራሴ ጀሪካን ቀዳሁለት።

ጌታነህ ጎነጨ። ተነሣ። ደጅ ወጥቶ ተፋው።

«ይሄ ሰውዬ ለምን አይታሰርም?» አለ ሲመለስ። «ይሄ ወይን አይደለም ወንድሜ፣ ይሄ በቀል ነው! ሰው በጤናው ይሄን ለሰው ይሸጣል? ኧረ እግዚአብሔርን አይፈራም እንዴ? ያንተ እኮ ከዚህ ጋር ሲተያይ ማር ነው!»

እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እውነቱን አገኘሁ ብዬ። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ። «መቼም ሰውዬው የቻለውን ነው የሠራው» አልኩ።

«ምን የቻለውን! ካልቻለ እጁን አይሰበስብም?»

«ሙቀቱን አስበህ ታውቃለህ? ሦስት ዓይነት ወይን ማስማማት ቀላል ይመስልሃል?»

«አንተ ምን አገባህ? ዘመድህ ነው እንዴ?»

ልንጣላ ደረስን። በሳምንቱ መምህራን ክፍል ስገባ የባምባሲው ሰውዬ ስሙ በጠቅላላ ጠፍቶ አገኘሁት። አንዱ «እኔም ሰምቻለሁ፣ ሰው አሳብዷል» ይላል፤ ሌላው «አውቀዋለሁ፣ ድሮም አጭበርባሪ ነው» ይላል። ያልተፈጠረ ሰው እንዲህ ሲታማ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

የሆነ ሆኖ ትምህርት አገኘሁ። ቅይጡን አፍርሼ እንደገና ቀየጥኩ፣ በአንድ ትልቅ ጀሪካን ጨምሬ፣ የክርስትናው ቀን እስኪደርስ ንፋስ እንዳይገባው ክዳኑን በኃይል ጠመዘዝኩት። የፊዚክስ መምህር ነኝ ብያችኋለሁ አይደል? ጋዝ፣ ሙቀት፣ የተዘጋ ዕቃ፤ ይህንን ትምህርት በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ለሰሌዳ እንጂ ለቤቴ የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር።

ከክርስትናው ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ሰማዩ እንደ ምጣድ በጋለበት ከሰዓት፣ ክዳኑን ላላ ላድርገው ብዬ ጎንበስ ስል፦ ድም!

ክዳኑ ጣራ መትቶ ተመለሰ። ወይኑ ደግሞ ለአባባ አየለ ክብር አዲስ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ፣ ጥሩነሽ አጥባ የሰቀለችውን ነጭ መጋረጃ፣ ከሁሉም አብልጦ እኔን አጠበን። አቶ ሙሳ ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። ደረቴን ሲያዩ ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ኡስታዝ! ደም ነው?»

«ወይን ነው አቶ ሙሳ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። ከዚያ ስለ ምን እንዳመሰገኑ ሲገባቸው ደንገጥ ብለው፣ «አስተግፊሩላህ» አሉና ቶሎ ወደ ጥሩነሽ ዞሩ። «ሚስት ደህና ነው? ልጅ ደህና ነው?»

ጥሩነሽ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። በመጀመሪያ ፊቷ አመድ መስሎ፣ እኔ መቆሜን ስታይ ቀስ እያለ ተመለሰ። መጋረጃውን አየችው፣ ግድግዳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። «የተረፈ አለ?» አለች ብቻ።

ግማሽ ጀሪካን ተርፏል። ሌላ ለመቀየጥ ጊዜም ወይንም አልነበረም።

የክርስትናው ቀን አባባ አየለ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከቡለን ያመጡትን ማር ለልጃቸው ሰጥተው፣ ሕፃኗን መርቀው ጨርሰዋል። ተበላ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ጌታነህም አለ። እኔ ለሁሉም ቀዳሁ። ጥሩነሽ ከወዲያ ጥግ ሆና ከንፈሬን ትጠብቃለች፤ «አንድ ያጣላል» እንዳላመልጥ።

ጌታነህ ጎነጨና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ከዚያ ከባምባሲው ሰውዬ ገዛህ እንዴ? በአማትህ ፊት ይሄን ታቀርባለህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

አባባ አየለ ብርጭቆውን አነሡ። አንድ ጊዜ ጎነጩ። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ዋጡት። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አይጠጣም» አሉ።

የታሪክ መምህሩ ጉሮሮው ላይ የደረሰውን ለመዋጥም ለመትፋትም ተቸገረ። ጌታነህ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉ አባባ አየለ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እኛ ዘንድ ለድግስ ሲጠመቅ አስቀድሞ ለሽማግሌ ይቀመሳል። ቀማሽ ከዋሸ ደጋሹ ይዋረዳል። እኔ ደግሞ አንተ እንድትዋረድ አልወድም። የወይን ነገር አላውቅም፤ አፌን ግን አውቀዋለሁ። ይሄ ነገር ውርስ ለመካፈል የተቀመጡ ወንድማማቾችን ይመስላል። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ያኮርፋል፣ አንዱ ከነመኖሩም አይታወቅ።»

ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እንግዳው ሁሉ ጤነኛ አልመሰልኩትም። እኔ ግን ከልቤ ነው፤ ስንት ጊዜ የለመንኩትን ሰው አገኘሁት። ከሦስቱ ወይኖቼ የጮኸውም፣ ያኮረፈውም፣ የጠፋውም ማን ማን እንደሆነ እኮ አውቃቸዋለሁ! ደስታዬ ትንሽ ቆየና ውሉ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀርቶ አንዱም አላለቀም።

«በቃ፣ ነገ እቆርጠዋለሁ» አልኳት ጥሩነሽን።

«ምኑን ነው የሚቆርጠው?» አሉ አባባ አየለ።

ጥሩነሽ ነገረቻቸው። ክፍሉን፣ መሠረቱን፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር። እየተናገረች ድምፅዋ ፈጠነ፣ እንደ ልጅ ሆነች። እሳቸው እስክትጨርስ ሰሟት።

«ልጄ፣ ክፍሉን ብትሠሪው ባዶውን ነው የሚቀመጠው» አሉ። «እናትሽ ያረፈችው እዚያ ነው። ማሳዬ እዚያ ነው። በዚያ ጊዜ እንኳ ያልተነሣሁ ሰውዬ አሁን ሰላም ሲሆን እነሣለሁ?»

«እንግዲያው እኔ ስንት ዓመት አንዴ ላይህ ነው አባባ?» አለች። እንባዋ መጣ። እንግዳው መሬት መሬቱን ያያል።

አባባ አየለ ብርጭቆውን አንሥተው ወደ ብርሃን አዩት፤ ቀለሙ እንኳ አያስቀይምም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ነገር ደግመህ የምትጠምቀው መቼ ነው?»

«ከርሞ ነበር አባባ፣ ሐረጉ ቢኖር።»

«ታዲያ ሐረጉን ምን አደረጋችሁት? ይኑር። ከርሞ መጥቼ እቀምሰዋለሁ።» ቤቱን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩት። «እኔ ካልመጣሁ እናንተ ሁላችሁም ግሩም ነው፣ ግሩም ነው እያላችሁ ልጁን ልታበላሹት ነው።»

ጌታነህ ሳል ያዘው።

ጥሩነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ወደ እኔ መጥታ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ጠበቅ አድርጋ ነው።

«በዓመት ስንቴ ነው የሚያፈራው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሐረጉ ነዋ!»

«አንዴ ነው። እርግጥ እንዲህ ባለ ሙቀት አገር አስተካክለው ከገረዙት ሁለቴም ይሰጣል ይላሉ። ልፋቱ ግን አይጣል ነው፣ ክረምቱም አለ፣ ሻጋታውም አለ፣ እኔ ደግሞ…»

አላስጨረሰችኝም።

«አባባ!» አለች፣ እንግዳው ሁሉ ቀና እስኪል። «በዓመት ሁለቴ ነው የሚደርሰው!»